አርቱር ሃዜልዩስ

አርቱር ሃዜልዩስ (ኖቬምበር 30 ቀን 1833 – ሜይ 27 ቀን 1901) ስዊድናዊ መምህር፣ የቋንቋ ተመራማሪና የሙዚየም መሥራች ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት የገበሬዎችን የእጅ ሥራ፣ በተለይም ልብሶችን፣ ከእንጨት የተሠሩ የቤት ዕቃዎችንና ሙሉ ቤቶችን ከጥፋት በማዳን ነው። በስቶክሆልም የሚገኙት የኖርዲክ ሙዚየምና በ1891 የተከፈተው ስካንሰን የተባለው የገላጣ ስፍራ ሙዚየም የእሳቸው ሥራዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣትነትና የማስተማር ሥራ

ሃዜልዩስ የተወለዱት በስቶክሆልም ነው። አባታቸው ዮሃን ኦገስት ሃዜልዩስ የጦር መኮንን ሲሆኑ በፖለቲካ ጉዳዮችም ይጽፉ ነበር። ልጃቸው ግን የልጅነት ጊዜያቸውን በከፊል ያሳለፉት ከዋና ከተማዋ ርቀው በደቡብ ስዊድን፣ በስሞላንድ ገጠር ነው። ስለዚህ የገበሬ ቤትን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ነው ያደጉት።

በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎችን አጥንተው በ1860 ስለ አንድ ጥንታዊ የኖርስ የጥበብ ግጥም በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያ ዘመን በተማሪዎች መካከል ስዊድን፣ ዴንማርክና ኖርዌይ አንድ ባህል ያላቸው ወንድማማች ሕዝቦች ናቸው የሚል ስሜት በርትቶ ነበር፤ ሃዜልዩስም ይህን ስሜት እስከ መጨረሻው አልጣሉትም። ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ለሴት መምህራን ማሠልጠኛ በተቋቋመው የስቶክሆልም ተቋም አስተማሩ፤ የማስተማሪያ መጻሕፍትንም አዘጋጁ።

በ1869 የሦስቱ አገሮች ምሁራን የአጻጻፍ ሥርዓታቸውን ለማቀራረብ በስቶክሆልም ሲሰበሰቡ ሃዜልዩስ የስዊድን ወገን ጸሐፊ ነበሩ። የስዊድንኛ ፊደል አጠቃቀም ከንግግሩ ጋር እንዲስማማ አጥብቀው ተከራከሩ። የስዊድን አካዳሚ ግን አልተቀበለውም። ይህ ሽንፈት ሕይወታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሳይመራው አልቀረም። ስዊድን ከሐሳቡ ከፊሉን በሕግ የተቀበለችው በ1906 ሲሆን፣ ሃዜልዩስ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

የ1872 ጉዞ

በ1872 በጋ ሃዜልዩስ ከባለቤታቸው ከሶፊ ጋር በመካከለኛው ስዊድን ወደሚገኘው ወደ ዳላርና ክፍለ ሀገር ተጓዙ። ዳላርና የገበሬው አለባበስና የእንጨት ሥራ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየበት አገር ነው። እዚያም ቢሆን ግን ሰዎች የአባቶቻቸውን ልብስ አውልቀው የፋብሪካ ጨርቅ ሲለብሱ፣ ያጌጡ አሮጌ ሣጥኖችና ቁም ሣጥኖች ወደ ጎተራ ሲገፉ ተመለከቱ። ሃዜልዩስ ስቱራ ቱና ከተባለው ደብር አንድ የሴት ቀሚስ ገዙ። ቀሚሱ የስብስባቸው የመጀመሪያ ዕቃ ሆነ።

ችግሩ የፋሽን ለውጥ ብቻ አልነበረም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ መንግሥት የገበሬውን የተበታተነ ማሳ ወደ አንድ ቦታ የሚያሰባስብ የመሬት ሽግሽግ ሲያካሂድ ቆይቶ ነበር። በሽግሽጉ ምክንያት የጥንት መንደሮች ፈርሰው ቤቶች ከነበሩበት ተነሡ። ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ መጣ፤ ከሐዲዱም ጋር ርካሽ የፋብሪካ ዕቃ። በ1860ዎቹ መጨረሻ አዝመራው ሲከሽፍ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የሚሰደድ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ተሸክሞ ውቅያኖስ አያቋርጥም። ዕቃው በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢ ያጣው ማገዶ ይሆናል። ሃዜልዩስ ያሰጋቸው ነገር ይኸው ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ የሚሰበሰብ እንደማይገኝ ያምኑ ነበር።

የገበሬው የእንጨት ዕቃ

ሃዜልዩስ ያሰባሰቧቸው ዕቃዎች የቤተ መንግሥት ዕቃዎች አይደሉም። አብዛኞቹን የሠሯቸው ስማቸው ያልተመዘገበ ገበሬዎች ናቸው። የሰሜን አገር ክረምት ረጅም በመሆኑ ማሳው በበረዶ በሚሸፈንበት ወራት ገበሬው መጥረቢያና ቢላዋ ይዞ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። ለመሠረታዊው ሥራ ጥድ፣ ጠንካራና ደቃቅ ለሆነው ደግሞ በርች የተባለው ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ ይመረጥ ነበር። በደቡብ ክፍለ ሀገራት ኦክም ይሠራበታል።

በአሮጌው የስዊድን የገበሬ ቤት አብዛኛው ዕቃ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። አልጋው በማዕዘን ተገጥሞ ይሠራል፤ አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ይዘረጋሉ፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ከእነርሱ ፊት ይቆማል። የአባወራውም ቦታ በጠረጴዛው ራስ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ አልጋ ከቤቱ ተነቅሎ ሲወጣ የሳንቃ ክምር ከመሆን አያልፍም፤ ሃዜልዩስም በኋላ ላይ ቤቱን ራሱን ወደ ማምጣት የገፋቸው ይህ ይመስላል።

ከሚንቀሳቀሱት ዕቃዎች መካከል ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ መደገፊያው ሳይቀር አብሮ የሚወጣው ወንበር ይገኝበታል። የጅማን በርጩማ ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይደለም። የሙሽራዋ ሣጥን ደግሞ ጥሎሿን ይዞ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት የሚሄድ ሲሆን፣ ስሟን የሚያመለክቱ ፊደላትና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበታል። ለዛሬ ተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሠሪው ባይታወቅም ዕቃው መቼ እንደተሠራና ለማን እንደተሠራ ይናገራልና። ወጣቱ ለሚያጫት ልጅ የበፍታ ጨርቅ ማለስለሻ ሳንቃ ጠርቦና ቀርጾ ይሰጣት ነበር። ቅርጹ ባማረ ቁጥር የልጁ ሙያ ለልጅቷ ቤተሰብ ይገለጣል።

ቀለም የተቀቡት ቁም ሣጥኖች ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። በተለይ በዳላርና ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ ከመንደር መንደር የሚዞሩ ሠዓሊዎች የቁም ሣጥኑን በርና የቤቱን ግድግዳ በትልልቅ፣ በተጠማዘዙ አበቦችና ቅጠሎች ያስጌጡ ነበር። ኩርቢትስ የሚባለው ይህ ሥዕል ስሙን ያገኘው ከቅል ተክል ነው። ሠዓሊዎቹም ራሳቸው ገበሬዎች ሲሆኑ፣ መሬታቸው ስለማይበቃቸው ብሩሻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይወጡ ነበር። በሙራ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች ሥራ ተከፋፍለው የቁም ሰዓት ይሠሩ ነበር። ወገቡ ሰፋ ብሎ የሴት ቅርጽ የሚመስለው የእንጨት ሣጥኑ ዛሬም በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ተፈላጊ ነው።

ስብስቡ ለሕዝብ ሲከፈት

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1873 ሃዜልዩስ በስቶክሆልም በድሮትኒንግ ጎዳና ላይ ስብስባቸውን ለሕዝብ ከፈቱ። የዚያ ዘመን ሙዚየሞች ዕቃን በዓይነት በዓይነቱ ደርድረው በመስታወት ውስጥ ማሳየት ይቀናቸው ነበር። ሃዜልዩስ ግን በሦስት ወገን የተዘጋ፣ በአንድ ወገን የተከፈተ፣ የቲያትር መድረክ የሚመስል ክፍል ሠሩ። በውስጡም አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ የሕፃኑ አልጋና የፈትል መሽከርከሪያው በቦታ በቦታቸው ሆነው፣ የአገሩን ልብስ የለበሱ በሰው ቁመት የተሠሩ ምስሎች ይቆማሉ። ጎብኚው ወንበሩን ለብቻው አያይም፤ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው አብሮ ያያል።

በቀጣዩ ዓመት በ1874 ባለቤታቸው ሶፊ ወንድ ልጅ ወልደው በወሊድ ምክንያት ሞቱ። የዳላርናውን ጉዞ አብረዋቸው የተጓዙት፣ ሥራውንም ከመነሻው የተካፈሉት እሳቸው ነበሩ። ልጁ ጉናር ተባለ። ሃዜልዩስ ከዚያ በኋላ አላገቡም፤ ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን በሙሉ ለስብስቡ ሰጡ።

በ1878 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሃዜልዩስ በትሮካዴሮ እነዚህን የመድረክ ትዕይንቶች አቀረቡ። ከሁሉ በላይ ተመልካች የሳበው በሞተች ሕፃን አልጋ ዙሪያ የተሰበሰበውን የገበሬ ቤተሰብ የሚያሳየው ነበር፤ ይህም አማሊያ ሊንደግሬን ከተባለች ስዊድናዊት ሠዓሊ ሥራ የተወሰደ ነው። ትዕይንቱን ካደነቁት መካከል ዴንማርካዊው በርንሃርድ ኦልሰን ይገኙበታል፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም የዴንማርክን የሕዝብ ሙዚየም መሠረቱ።

የኖርዲክ ሙዚየም

ስብስቡ እያደገ ሄዶ በኪራይ ቤቶች የማይያዝ ሆነ። በየክፍለ ሀገሩ ለሃዜልዩስ ዕቃ የሚገዙና የሚልኩ ሰዎች ነበሩ፤ መምህራን፣ ካህናትና ተማሪዎች ሳይቀሩ ይተባበሩ ነበር። ገንዘቡ የሚገኘው ከመግቢያ ክፍያ፣ ከስጦታና ከብድር ነው። ሃዜልዩስ ገንዘብ በእጃቸው ከመግባቱ በፊት መግዛትን የለመዱ ሰው ነበሩ፤ ዕቃው ይጠፋል እንጂ ዕዳው አይጠፋም የሚል ስሌት ያላቸው ይመስላል። በ1880 ስብስቡን የግል ንብረታቸው ከመሆን አውጥተው ለስዊድን ሕዝብ ሰጡ፤ ስሙም የኖርዲክ ሙዚየም ሆነ።

በዩርጎርደን ደሴት ለሙዚየሙ ሕንፃ መሬት ተገኝቶ በ1888 ሥራው ተጀመረ። የሕንፃው ነዳፊ ኢሳክ ጉስታፍ ክላሶን ነበሩ። የመጀመሪያው ዕቅድ እጅግ ሰፊ ስለነበር ገንዘቡ አልበቃም፤ የተሠራው የዕቅዱ ከፊል ብቻ ነው። ያም ሆኖ ማዕከላዊ አዳራሹ ከ120 ሜትር በላይ ይረዝማል። ለወንበርና ለሣጥን እንዲህ ያለ ካቴድራል የሚያህል አዳራሽ መሥራት ለምን እንዳስፈለገ የጠየቁ አልጠፉም። የሃዜልዩስ ፍላጎት ግን የገበሬው ሥራ የነገሥታቱ ያህል ክብር እንዲያገኝ ነበር።

ስካንሰን

ሕንፃው ገና በሥራ ላይ ሳለ ሃዜልዩስ ወደ ሌላ ሐሳብ ተሻገሩ። በዩርጎርደን ከፍታ ላይ፣ ትንሽ ምሽግ በነበረበት ቦታ መሬት ገዝተው ኦክቶበር 11 ቀን 1891 ስካንሰንን ከፈቱ። ስሙም ምሽግ ማለት ነው። ከዳላርና የመጣው የሙራ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ ነው። እነዚህ ቤቶች ግንዶች አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው በማዕዘናቸው እየተቆላለፉ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ እያንዳንዱን ግንድ ምልክት አድርጎ መፍታትና በሌላ ቦታ መልሶ መግጠም ይቻላል። ቀጥሎ ከሄልሲንግላንድ የቦልኔስ ቤት፣ ከምዕራባዊው ሃላንድ ደግሞ የኦክቶርፕ ግቢ መጡ። የመጨረሻው ቤቶቹ በአራት ማዕዘን የከበቡት ሙሉ የገበሬ ግቢ ነው። ከግድግዳው የማይነጠሉት አልጋዎችና አግዳሚዎች በመጨረሻ ግድግዳቸውን አገኙ።

በስካንሰን የአገር ልብስ የለበሱ ሰዎች እንግዳ ይቀበሉ፣ ይሸምኑ፣ ሙዚቃ ይጫወቱና ይጨፍሩ ነበር። የአገሩ እንስሳትም ይታያሉ። ገቢ ለማግኘት በዓላት ይዘጋጁ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ በ1893 ጁን 6 ቀን የተከበረው ነው። ይህ ቀን ከጊዜ በኋላ የስዊድን ሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ በ1983 ደግሞ ብሔራዊ ቀን ሆኗል። ሃዜልዩስ ራሳቸውም በስካንሰን ውስጥ በሚገኝ ቤት ይኖሩ ነበር።

ትችትና ተጽዕኖ

የሃዜልዩስ አሠራር እንከን አልነበረውም። የመረጡት በአብዛኛው ያማረውን፣ ቀለም የተቀባውን፣ የበዓል ልብሱንና የደህና ገበሬውን ቤት ነው፤ ረሃብና ስደት በመድረኮቻቸው ላይ ብዙም አይታዩም። መሬት አልባ የነበሩት የቀን ሠራተኞች ኑሮ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ቤትን ከቆመበት ምድር ነቅሎ ወደ ዋና ከተማ ማምጣትም የክፍለ ሀገሩን ሰው ያለ ቅርስ ያስቀራል የሚል ቅሬታ ነበር። ሠዓሊው አንደርስ ሶርን በትውልድ ቦታቸው በሙራ አሮጌ ቤቶችን ሰብስበው እዚያው እንዲቆዩ አድርገዋል። በሌላ በኩል ሃዜልዩስ ባይገዙት ኖሮ ከዕቃው ምን ያህሉ በቦታው ይተርፍ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የገላጣ ስፍራ ሙዚየም ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ ከ1881 ጀምሮ በክርስቲያንያ (በዛሬዋ ኦስሎ) አጠገብ አሮጌ የእንጨት ሕንፃዎችን አሰባስበው ነበር። ሐሳቡን ለዓለም ያስተዋወቀው ግን ስካንሰን ነው። በፖላንድኛ፣ በቼክኛና በሃንጋሪኛ ስካንሰን የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የዚህ ዓይነት ሙዚየም መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ሞት

ሃዜልዩስ ሜይ 27 ቀን 1901 በ67 ዓመታቸው ሞቱ፤ የተቀበሩትም በስካንሰን ነው። ሥራውን የተረከቡት ልጃቸው ጉናር ሃዜልዩስ በ1905 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። የኖርዲክ ሙዚየም ሕንፃ ተጠናቆ ለሕዝብ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1907 ነው። በዳላርና የተገዛው ቀሚስም ዛሬ በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።