ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ ከ«ፋቡላ» እስከ ጨርጨር

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የቴአትር ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ፣ የሕግ ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ይሏቸዋል። ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሽቅብ፣ በጨርጨር ተራሮች ያሳለፉት የአገረ ገዥነት ዘመን ሁለቱን ሥራዎች የሚያገናኝ ሆኖ ሳለ እምብዛም አይነሣም።

በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ሐረር በራስ መኰንን ዘንድ አድገው በልጅነታቸው ዐድዋ ዘመቱ፤ ከድሉም በኋላ ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ።

«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ታየ። መሠረቱ የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው፤ እርሱም ብዙዎቹን ከኤዞፕ ወርሷቸዋል። አውሬዎቹ አማርኛ ሲናገሩ ግን የአገሩን ሹማምንት ብልሹነት የሚነቅፉ ሆኑ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱን አገዱ። በፈረንሳይ የአንበሳ ንግሥና የተረት ልማድ ብቻ ነው። ሞዓ አንበሳ የዘውዱ መጠሪያ በሆነበት አገር ግን ሰሙ እጅግ ስስ ነበር፤ በቅኔ ለሠለጠነ ተመልካች ወርቁ አልተሰወረም። እገዳውን ጥበቡን ካለመረዳት የመጣ አድርጎ መቍጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ለዚህ ጸሐፊ የመጣው አጥርቶ ከመረዳት ይመስለዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራስ ተፈሪ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ሾሟቸው። አውራጃው ለሌሎች አርአያ እንዲሆን የታቀደ ነበር። በዚያም የቈረቈሯት ከተማ አሰበ ተፈሪ ተባለች፤ የዛሬዋ ጭሮ ናት። (ስሟ የአሳቡን ባለቤት አልሸሸገም።) በተረት ሲነቀፍ የታገደው አስተዳደር እዚህ በሥራ እንዲታረም ተፈቀደ። ልዩነቱ ከይዘቱ ይልቅ በነቀፋው አኳኋን ነበር፤ በአደባባይ የሚያሥቅ ተረት ሹሙን ያዋርዳል፣ የአውራጃ ደንብ ግን የሾመውን ያስመሰግናል።

ይኸው ስምምነት በሕገ መንግሥቱም ታየ። የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው ሰነድ ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም የንጉሠ ነገሥቱን ሙሉ ሥልጣን አልነካም። አርቃቂው የ«ፋቡላ»ን ድፍረት እዚህ አላሳዩም፤ ሊያሳዩም የሚችሉ አልነበሩም።

በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ወረራው ሲሰፋ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሳይስማሙ ተሰደዱ፤ ብዙ ዓመታትንም በማዳጋስካር አሳለፉ። ከስደት ሲመለሱ መኖሪያቸውን ያደረጉት እዚያው በጨርጨር፣ በሂርና ነው። በግብርና ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።