ኤቶሬ ቡጋቲና አምሳያዎቹ

ዛሬ ቡጋቲ እየተባሉ ከሚታዩት የጥንት የእሽቅድምድም አውቶሞቢሎች መካከል ቡጋቲ የተባለው ሰው በዓይኑ ያላያቸው ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እንዲያውም እርሱ ከሞተ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ብልህ ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም፤ ማን ሠራው ብሎ ነው። የዋጋው ልዩነት የአንድን ሰው ሙሉ ሀብት ሊያህል ይችላልና። እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ የሰውየውን ታሪክ መተረክ ይሻላል ብለናል፤ የሠሪውን ጠባይ ያላወቀ ሰው እውነተኛውን ከአምሳያው ለመለየት ይቸገራል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤቶሬ ቡጋቲ በ1881 ዓ.ም. በመስከረም ወር በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ ስሙ የታወቀ የቤት ዕቃ ነዳፊ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሬምብራንት ደግሞ የአራዊትን ምስል ከነሐስ እየሠራ በፓሪስ ዝና ያገኘ ቀራጺ ሆነ። ኤቶሬም እንደ ቤተ ሰቡ የሥነ ጥበብ ሰው እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ሞቶር አዘነበለ። ፕሪኔቲና ስቱኪ በሚባል የሚላኖ ፋብሪካ ገብቶ ሥራ ተማረ፤ በ1901 ዓ.ም. ራሱ የነደፈውን አውቶሞቢል በሚላኖ ኤግዚቢሽን አቅርቦ ተሸለመ። በሚከተለው ዓመት በአልዛስ የሚገኘው የዴ ዲየትሪክ ኩባንያ ቀጠረው። ዕድሜው ውል ለመፈረም ስላልደረሰ የፈረመለት አባቱ ነበር። ለአንድ ትልቅ ኩባንያ መኪና እንዲነድፍ የታመነ ወጣት በገዛ ስሙ ወረቀት መፈረም አለመቻሉ ዛሬ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣት አንባቢዎቻችን ሳያስቃቸው አይቀርም።

በ1907 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ወደሚገኘው የዶይትስ ፋብሪካ ተዛወረ። ለቀጣሪው ከባድና ትልልቅ አውቶሞቢሎች ሲነድፍ፥ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽና ቀላል መኪና ለራሱ ይሠራ ነበር። ኋላ ስሙን ያስጠሩት መኪናዎች ሁሉ ዘራቸው ከእርስዋ ነው። ከዚያም ዶይትስን ለቆ በአልዛስ ሞልስሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ የተተወ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ተከራየና የራሱን ፋብሪካ አቆመ። አልዛስ በዚያን ጊዜ የጀርመን ግዛት ነበረች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ለፈረንሳይ ተመለሰች።

ከጦርነቱ በፊት ቡጋቲ አንዲት ትንሽ መኪና ነድፎ ለፔዦ ኩባንያ ሰጠ። ቤቤ ፔዦ ተብላ ከ3,000 በላይ ተሠርታ ተሸጠች። በፊትዋ ላይ የተለጠፈው የፔዦ ስም ነው፤ ሐሳቡ ግን የቡጋቲ ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ነገር አይደንቀውም፤ ደብዳቤው በኃላፊው ፊርማ ይወጣል፥ ያረቀቀው ግን ከወዲያኛው ጠረጴዛ የተቀመጠ ጸሐፊ ነው።

የቡጋቲ ስም በዓለም ላይ የናኘው ዓይነት 35 በተባለው መኪና ነው። በ1924 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሊዮን በተደረገው ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ጎማዎቹ እየተበላሹ አሳፈሩት። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቆመው አልተገኘም። በሲሲልያ ተራሮች የሚካሄደውን የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 ዓ.ም. አምስት ዓመት በተከታታይ የቡጋቲ መኪናዎች አሸነፉ። በ1929 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሞናኮ ውድድር በተደረገ ጊዜም ድሉ የዚሁ የዓይነት 35 ነበር።

አምሳያ ሠሪዎች አብዝተው የሚከተሉት ይህንኑ መኪና ነው። እውነተኛውን ለመለየት የሚመጣ ሰው ወዴት ይመልከት? የፈረስ ጫማ በሚመስለው ራዲያቶሩ እንዳይታለል፤ እርሱን ማንም ቀጥቃጭ ይሠራዋል። ቸርኬው ከአሉሚኒየም የፈሰሰ፥ ስምንት ጠፍጣፋ ክንዶች ያሉት፥ የፍሬኑም ከበሮ ከቸርኬው ጋር አንድ ሆኖ የወጣ ነው። የፊት ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ ባሌስትራውም ከሥሩ ታስሮ ሳይሆን በዘንጉ ውስጥ በተበሳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያልፋል። ይህን ማድረግ አስቸጋሪም ውድም ነው፤ ቡጋቲ ግን ለዓይን ደስ እንዲል ብሎ አደረገው። ሞቶሩ ስምንት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉበት ሲሆን ከውጭ ሲታይ እንደ ሣጥን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። የቤት ዕቃ ሠሪው ልጅ መሆኑ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በሰባዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የተሠሩትን ብዙ አምሳያዎች ለመለየት ግን ይህን ያህል ድካም አያሻም። አካላቸው ፋይበርግላስ ነው፤ ከሥሩም ያለው አዲስ አበባ ቮልስ እያለ የሚጠራት የቮልስዋገን ሻንሲ ነው። የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሞቶሩ እዚያ መሆኑን ያየ ሰው ነገሩን ጨረሰ። ከባዱ ፈተና ሌላ ነው። በአርጀንቲና አገር በፓራና ከተማ የሚገኝ ፑር ሳንግ የሚባል ፋብሪካ ዓይነት 35ን ከብረቱ እስከ ቡሎኑ እንደ ጥንቱ ሠርቶ አውጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በሐቅ አምሳያ ነኝ ብሎ ሲሸጥ የሚመሰገን ነው። ነውሩ የሚመጣው ሌላ ሰው ገዝቶ አሮጌ ሰሌዳ ሲለጥፍበት ነው።

ስለዚህ ዐዋቂዎች የሚያምኑት ቍጥሮችን ነው። በሻንሲው ሰሌዳ፥ በሞቶሩ፥ በካምቢዮውና በኋላው ዘንግ ላይ የተመቱት ቍጥሮች ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይነጻጸራሉ። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አያስማማም። አንድ መኪና ተበታትኖ ሻንሲው ለአንዱ፥ ሞቶሩ ለሌላው ደርሶ፥ ሁለቱም እውነተኛው የኔ ነው ብለው የሚከራከሩበት ጊዜ አለ። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ክርክር ከመፍታት የመሬት ክርክር መፍታት ይቀላል።

ይሁን እንጂ ቡጋቲም ከሰው ያልወሰደ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ሊዮን ዱሬይ የተባለው አሜሪካዊ ነጂ ሃሪ ሚለር የሠራቸውን ሁለት የእሽቅድምድም መኪናዎች ይዞ ወደ አውሮፓ መጥቶ ነበር። ቡጋቲ ሦስት የራሱን መኪናዎች ሰጥቶ ሁለቱን ወሰዳቸው፤ ወደ ሞልስሃይምም ወስዶ አስፈታቸው። በ1931 ዓ.ም. ዓይነት 51 ሲወጣ ሁለት ካምሻፍት የተሸከመው ቴስታታው የሚለርን አሠራር የተከተለ ነበር። ለዓይነት 51 የመጀመሪያው ሠሪ ማነው ቢባል፥ የሎስ አንጀለሱን ሰው ስም መዝለል ፍርድ ማጓደል ይመስለናል።

ለገዛ መኪናውም አምሳያ የሠራ የመጀመሪያው ሰው ራሱ ነው። ለትንሹ ልጁ ለሮላንድ የዓይነት 35ን ግማሽ የምታህል በባትሪ የምትሄድ መኪና ሠራለት። ያዩዋት ሀብታሞች ለልጆቻቸው ስለ ፈለጓት ለሽያጭም አወጣት።

ሩዋያል የተባለው መኪናው ግን ኪሳራ ሆነበት። ሞቶሩ ከ12 ሊትር በላይ የሆነውን ይህን ግዙፍ መኪና ለነገሥታት አስቦ ነደፈው፤ የራዲያቶሩን ክዳን ሟቹ ወንድሙ በሠራው የቆመ ዝሆን አስጌጠው። ከተሠሩት ስድስቱ የተሸጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀረውን ሞቶር በባቡር ላይ አዋለው፤ ባቡሮቹም ፋብሪካውን ከመዘጋት አዳኑት።

በ1936 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ሥራ ባቆሙ ጊዜ እንደ አባት እቈጠራለሁ ይል የነበረው ቡጋቲ በጣም አዘነ። ፋብሪካውን ለትልቁ ልጁ ለዣን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ዓይነት 57ን የነደፈው፥ ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ውድ ከሚባሉት መኪናዎች የሚቈጠረውን አትላንቲክንም ያወጣው ይኸው ዣን ነው። በመኪናዎቹ ላይ የሚነበበው የአባትየው ስም ስለሆነ ብዙ ሰው ልጁን አያውቀውም። በ1939 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ በዚያው ዓመት የለ ማን ውድድር ያሸነፈውን መኪና በፋብሪካው አቅራቢያ ሲሞክር በመንገድ ላይ ካገኘው ብስክሌተኛ ሲሸሽ ከዛፍ ጋር ተጋጨና ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ነበር።

ጦርነቱ የመጣው በወሩ ነው። ጀርመኖች ፋብሪካውን በግድ ሽያጭ ወሰዱት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ባለቤቱ ኢጣልያዊ ነው በማለት ያዘበት። ቡጋቲ ተሟግቶ በ1947 ዓ.ም. ተፈረደለት፤ ነገር ግን በፍርዱ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን በፓሪስ ዐረፈ። የተቀበረውም በሞልስሃይም አጠገብ በዶርሊስሃይም ነው። ፋብሪካው እየደከመ ሄዶ በ1963 ዓ.ም. ለሂስፓኖ ስዊዛ ኩባንያ ተሸጠ። ስሙን ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የገዛው ቮልስዋገን ሆነ፤ በፋይበርግላሶቹ አምሳያዎች ሥር ሻንሲው የሚገኘው ያው ቮልስዋገን ማለት ነው። የፋብሪካው ሥዕሎች በሺህ የሚቈጠሩት ግን በእንግሊዝ አገር በፕሬስኮት ኰረብታ ተሰብስበዋል፤ መኪናው ያጠራጠረው ባለቤት ቍጥሩን ጽፎ የሚሄደው ወደዚያ ነው።