ዶክተር ካሮዘርስ በማታሪ

በቅኝ ግዛት ዘመን ናይሮቢ በዘር የተከፋፈለች ከተማ ነበረች። በምዕራብ በኩል ያለው የላቪንግተን ኮረብታማ ሰፈር አስቀድሞ የቅዱስ ኦስቲን ሚስዮን ፈረንሳውያን ካህናት ቡና ያለሙበት አካባቢ ሲሆን፣ በኋላ ነጮች በሰፋፊ ግቢ የሚኖሩበት ሆነ፤ ሕንዶች ሌላ ሰፈር ነበራቸው፤ አፍሪካውያን ደግሞ በምሥራቅ በኩል ተጨናንቀው እንዲኖሩ ተመደቡ። ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የማታሪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም ይህንኑ አከፋፈል ተከትሎ ለአውሮፓዊ፣ ለእስያዊና ለአፍሪካዊ ለየብቻው ክፍል ነበረው። ሕመሙ አንድ ሲሆን አልጋው ሦስት ዓይነት ነበረ። ዶክተር ጆን ኮሊን ካሮዘርስ ስማቸው በዓለም የተጠራው በዚህ ሆስፒታል ምክንያት ነው፤ ስማቸው የተነቀፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ካሮዘርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በደቡብ አፍሪካ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሕክምናን በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ተማሩና በ1929 በመንግሥት ሐኪምነት ወደ ኬንያ መጡ። ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሐኪም ወባውንም ቁስሉንም ሲያክሙ ቆይተው፣ በ1938 ማታሪን እንዲያስተዳድሩ ታዘዙ። በአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ዲፕሎማውን ያገኙት ሥራውን ከያዙ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከሆስፒታሉ ጋር የናይሮቢን ወኅኒ ቤት ሕክምና ደርበው ይሠሩ ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ስለ አፍሪካዊው አእምሮ በኋላ የጻፉት አብዛኛው ከእነዚህ ሁለት የተቈለፉ ቤቶች የተለቀመ ነውና።

ማታሪ የተመሠረተው በ1910፣ ቀድሞ የፈንጣጣ በሽተኞች ተለይተው በሚቀመጡበት ስፍራ ላይ ነው። የሚተዳደርበት ሕግ ደግሞ ከሕንድ የመጣ ነበረ። እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ግዛት ሲያቋቁሙ ብሩንም፣ የባቡሩን ሠራተኛም፣ ሕጉንም ከሕንድ ነበር ያመጡት፤ ከሕጎቹም አንዱ በ1858 ለሕንድ የወጣው የእብዶች ማቆያ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፖሊስ አእምሮው ታውኮ ሲዞር ያገኘውን ሰው ይዞ ወደ ዳኛ ያቀርበዋል፤ ዳኛውም የሐኪም ምስክር ሰምቶ ወደ ማቆያው ይልከዋል። ዋና ዐላማው የአገርን ጸጥታ መጠበቅ ስለ ሆነ፣ በሽተኛውን ማዳን በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ነገር ነበረ። ሕንድ ራሷ በ1912 በሌላ ሕግ ስትተካው፣ ኬንያ እስከ 1933 ድረስ በአሮጌው ትሠራ ነበር።

እንዲህም በመሆኑ ወደ ማታሪ ይገባ የነበረው አፍሪካዊ፣ በከተማ ጎዳና ወይም በነጮች እርሻ ላይ ጸጥታ ያደፈረሰ ሰው ነበረ። በገጠር በዝምታ የሚያዝነውን፣ ከሰው ርቆ ጎጆው ውስጥ የተቀመጠውን ዘመዶቹ ይጠብቁታል፤ ባሕላዊው ዐዋቂም ያክመዋል። በሐበሻም አገር የአማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከመቋቋሙ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በሽተኛውን እናቱ ወይም ወንድሙ ጠበል ወስዶ አብሮት ሲሰነብት የኖረ ነው፤ በየጠበሉ የነበረውን ሁሉ ትቶ በአማኑኤል አልጋ ብቻ የኢትዮጵያን የአእምሮ ሕመም የሚቈጥር ሰው ቢኖር ምን ያህል እንደሚሳሳት ግልጽ ነው። ካሮዘርስ ግን በ1947 ባሳተሙት ጥናት፣ ከማታሪ መዝገብ ተነሥተው፣ የአእምሮ ሕመም በኬንያ አፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከባድ ኀዘን የሚባለው ሕመምማ ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቀርባል ብለው ደመደሙ። አንድ ኢንስፔክተር የአንድ አውራጃ ልጆችን አእምሮ ከቅጣት መዝገብ ብቻ መዝኖ ሪፖርት እንደ መጻፍ ያህል ነው።

ስለ እሳቸው በቅንነት ለመፍረድ ግን ከእሳቸው በፊት በናይሮቢ ይባል የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ በማታሪ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጎርደንና የአስከሬን መርማሪው ዶክተር ቪንት የአፍሪካውያንን ጭንቅላትና አንጎል ሲለኩና ሲመዝኑ ከርመው፣ አፍሪካዊው ከተፈጥሮው የአእምሮ ጉድለት አለበት ብለው አሳትመው ነበር። ጎርደንማ የአውሮፓ ትምህርት ለአፍሪካዊ ልጅ አእምሮ አደገኛ ሊሆን ይችላል እስከ ማለት ደርሰዋል። ለትምህርት ቤት ገንዘብ ላለመመደብ ምክንያት ለሚሹ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምቹ ነገር አልነበረም። ካሮዘርስ በዚህ አልተስማሙም፤ ልዩነቱ በአስተዳደግና በባሕል እንጂ በዘር የሚወረስ ነው የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም የሚለውን ሐሳብ መረጡ። ከጎርደን ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ፊት የተራመዱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እርምጃው እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በ1950 ማታሪን ትተው ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሱ በኋላ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበላቸው ጥያቄ ስለ አፍሪካዊው አእምሮ በጤናና በሕመም ጊዜ አንድ መጽሐፍ ጽፈው በ1953 ታተመ። በዚያ ዘመን ሎቦቶሚ የተባለው፣ የአንጎልን የፊት ክፍል የሚቆርጠው ቀዶ ሕክምና ገናና ነበረ፤ ጀማሪው ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ካሮዘርስም ጤነኛው አፍሪካዊ በጠባዩ ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን አውሮፓዊ ይመስላል ሲሉ ጻፉ። የአንድ ክፍለ ዓለም ሕዝብ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንጎሉ እንደ ተቈረጠ ሰው ተቈጠረ፤ መጽሐፉ የዓለም ድርጅት ማኅተም ስላለበትም በየዩኒቨርሲቲው እንደ ታመነ ምንጭ ይጠቀስ ጀመር።

ወዲያው የኬንያ መንግሥት ፈለጋቸው። የማው ማው ዐመፅ ተነሥቶ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበርና፣ የኪኩዩን ሕዝብ ሥነ ልቡና መርምረው እንዲያስረዱ ለአጭር ጊዜ ወደ ኬንያ ተጠሩ። በ1954 በናይሮቢ የመንግሥት ማተሚያ ቤት የታተመው ጽሑፋቸው፣ ኪኩዩው የአባቶቹን ሥርዐት አጥቶ አዲሱን ሳይዝ በመካከል የቀረ፣ በጭንቀት የተያዘ ሰው ነው ሲል ዐመፁን ገለጠ። ስለ ተወሰደው መሬት የተሰጠው ቦታ ግን አነስተኛ ነበር። ሕዝቡን በመንደር መሰብሰብንም ደገፉ፤ በ1954 እና በ1955 ከ1 ሚሊዮን በላይ ኪኩዩዎች ከየጎጆዋቸው ተነሥተው በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች ሰፈሩ። ይህን መንግሥቱ ያለ እሳቸውም ያደርገው ነበር፤ ሆኖም ወታደሩ የፈለገውን ሐኪሙ በሙያው ስም አጸደቀለት።

እዚህ ላይ ለመምህር የሚቆረቁር ነገር አለ። ኪኩዩዎች ከ1929 ክርክር በኋላ ከሚስዮኖች ተለይተው በገዛ ገንዘባቸው ትምህርት ቤቶች አቁመው ነበር፤ በጊቱንጉሪም በ1939 የመምህራን ኮሌጅ ከፈቱ፤ ጆሞ ኬንያታም በኋላ መርተውታል። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ መንግሥት ኮሌጁንና እጅግ ብዙዎቹን ትምህርት ቤቶች ዘጋቸው። በመካከል ቀርቶ ተጨነቀ የተባለው ሕዝብ አዲሱን ዓለም ለመያዝ በእጁ የሠራው ድልድይ ይህ ነበር።

መልሱ ከአፍሪካ መጣ። በናይጄሪያ ዶክተር አደዮዬ ላምቦ በ1954 በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ሥራ ጀምረው፣ በሽተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር በአካባቢው መንደሮች እየኖሩ እንዲታከሙ አደረጉ። በዚያው ዘመን በሕንድ አምሪትሳር ዶክተር ቪድያ ሳጋር የበሽተኞችን ቤተ ሰቦች በሆስፒታሉ ግቢ በድንኳን አስቀምጠው አብረው እንዲያስታምሙ ያደርጉ ነበር፤ የ1858ቱ ሕግ ያጠራቸውን ዘመዶች እንደገና ማስገባት ነበር። ላምቦ ከአሜሪካ ሊቃውንት ጋር በየመንደሩ ዞረው ባደረጉትና በ1963 በታተመው ጥናት፣ በማታሪ መዝገብ የለም የተባለው ከባድ ኀዘን በመንደሩ ሞልቶ ተገኘ። በአልጄሪያ ብሊዳ የሠሩት ዶክተር ፍራንዝ ፋኖንም በ1961 በታተመው የመጨረሻ መጽሐፋቸው ካሮዘርስን በስም ጠርተው ወቀሱ።

ካሮዘርስ ግን በ1959 አንድ ሌላ ጽሑፍ አወጡ፤ ከሥራቸው ሁሉ ለመምህራን የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጽሕፈት በሌለበት አገር ሕፃኑ በድምፅ ዓለም ውስጥ ያድጋል፤ ቃል ለእሱ ሕያው ኀይል ነው። ማንበብ ሲማር ቃል ከተናጋሪው ተለይቶ በዝምታ በዐይን የሚታይ ነገር ይሆናል፤ ሰውም ለብቻው ማሰብን ይለምዳል። እንግዲህ የአእምሮ ልዩነት ከሚባለው ብዙው ከፊደል የመጣ ነው ማለት ነው፤ አውሮፓም ራሷ በዚህ መንገድ ያለፈች ናት። ካናዳዊው ማርሻል ማክሉሃን በ1962 ስለ ኅትመት በጻፉት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ አንሥተው በሰፊው ተጠቀሙበት። ካሮዘርስ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ጎራ ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ዐይንና ጆሮ እንዲህ በቀላሉ እንደማይለያዩ ባዩ ነበር፤ የቈሎ ተማሪ ፊደሉን በዐይኑ እያየ፣ ዳዊቱን በድምፅ እየደገመ፣ በቃሉም እየያዘ ነውና የሚማረው።

በ1972 ስለ አፍሪካዊው አእምሮ አንድ መጽሐፍ ደግመው አወጡ፤ ጊዜው ግን አልፎባቸው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ በናይጄሪያ ኢባዳንና በሕንድ አግራ ያሉት በሎንዶንና በዋሽንግተን ካሉት ይልቅ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ካሮዘርስን ያስጻፈው ድርጅት ራሱ በዚያን ጊዜ ከከፍተኛ ኀላፊዎቹ አንዱ ላምቦ ነበሩ። ካሮዘርስ በ1989 ዐረፉ። በዚያው ዓመት ነጻይቱ ኬንያ የቅኝ ግዛቱን ሕግ በአዲስ የአእምሮ ጤና ሕግ ተካች፤ ማታሪም በዘር የተለየው ክፍሉ ቀርቶ፣ የኬንያ ልጆች የአእምሮ ሕክምናን የሚማሩበት ሆስፒታል ሆኗል።