ሚድሃት ፓሻና የባግዳድ መሬት

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን በካርታ ላይ ከዳኑብ ወንዝ እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ የተዘረጋ ሰፊ አገር ይገዛ ነበር። ይሁንና ከዋና ከተማው ከኢስታንቡል በተራቀ መጠን ሥልጣኑ እየመነመነ ስለሚሄድ፣ በብዙ የጠረፍ አገሮች ግብር ለመሰብሰብ ከሚዘምተው ጦር በቀር ሌላ የመንግሥት ምልክት እምብዛም አይታይም ነበር። ግብሩም ቢሆን የሚገኘው ወታደሩ በሰፈረበት ሰሞን ብቻ ነው። ይህን ክፍተት በመንገድ፣ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤትና በመዝገብ ለመሙላት ዕድሜያቸውን ከሰጡት የዚያ መንግሥት ሹማምንት መካከል ሚድሃት ፓሻ ስሙ በቀዳሚነት ይነሣል።

ሚድሃት የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. በኢስታንቡል ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በልጅነቱ ይጠራበት የነበረው ስም አህመድ ሸፊቅ ሲሆን፣ ሚድሃት የሚለው በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥራ ከያዘ በኋላ የወጣለት ነው። የቃዲ ልጅ እንደመሆኑ መጠን ገና በለጋ ዕድሜው ቁርዓንን በቃሉ አጥንቷል። በ1858 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ፓሪስን፣ ለንደንንና ቪየናን ጎብኝቶ ተመለሰ።

በ1861 የፓሻነት ማዕረግ አግኝቶ በባልካን የምትገኘው የኒሽ አገረ ገዥ ሆነ። በ1864 ደግሞ ኒሽ፣ ቪዲንና ሲሊስትራ ተጠቃለው አዲሱ የዳኑብ ጠቅላይ ግዛት ሲቋቋም እርሱ የመጀመሪያው ገዥ ተሾመ። በዚያ ከሠራቸው መንገዶችና ድልድዮች ይልቅ ዘመን የተሻገረው የብድር ሣጥኑ ነው። ገበሬው በአራጣ አበዳሪ ተይዞ ሲማቅቅ ስላየ፣ የየመንደሩ ሰው በጋራ አንድ ማሳ አርሶ የእህሉን ዋጋ ለገንዘብ መነሻ እንዲያደርግ፣ ከዚያም በወር ከመቶ አንድ ወለድ እንዲበደር አደረገ። ይህ በ1863 በፒሮት የተጀመረ ሥራ እየሰፋ ሄዶ በ1888 ለተቋቋመው የቱርክ የእርሻ ባንክ መሠረት ሆኗል። እዚሁ ላይ ግን ያው ሰው በቡልጋሪያ የተነሡትን ዐማፅያን ያለ ርኅራኄ በስቅላት እንደቀጣ መርሳት አይገባም። ሕግና ገመድ በአንድ እጅ ይያዙ ነበር።

ሚድሃት በ1869 ወደ ባግዳድ ተላከ። ከአገረ ገዥነቱ ጋር የስድስተኛው ጦር አዛዥነትም ስለተሰጠው ሙሉ ሥልጣን ነበረው። በሦስት ዓመት ውስጥ ማተሚያ ቤት አስመጥቶ «ዘውራ» የተባለውን ጋዜጣ በቱርክኛና በዐረብኛ አሳተመ፤ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የከተማውን አሮጌ ቅጥር አፈረሰ፤ ባግዳድን ከካዚሚያ የሚያገናኝ በፈረስ የሚጎተት ባቡር በአክሲዮን አሠራ። የግዳጅ ውትድርና ሲታወጅ ሕዝቡ ቢነሣም በጦር ኃይል ጸጥ አሰኘው።

ዋናው ፈተና ግን መሬት ነበር። የደቡቡ ሜዳ በሕግ የመንግሥት ሲሆን፣ በተግባር ግን የጎሣዎች ነበር። ሼሁ ለጎሣው አባላት ያከፋፍላል፣ ውሃው አቅጣጫ ሲለውጥ ሰዉም ይከተለዋል፣ መንግሥትም ከምርቱ ድርሻውን በጠመንጃ ይወስዳል። በዚያው በ1869 በደጋራ በግብር ምክንያት በተነሣው ዐመፅ የመንግሥት ሰዎች ተገድለዋል። ሚድሃት ከዚህ ያገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር። ገበሬው የራሱ መሬት ቢኖረው ቤት ይሠራል፣ ተምር ይተክላል፣ የሚያጣው ነገር ስላለውም አያምፅም። ስለዚህ በ1858 የወጣውን የመሬት ሕግ መሠረት በማድረግ፣ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ለሚከፍል ሁሉ «ታፑ» የተባለ የይዞታ ማስረጃ እንዲሰጥ አዘዘ።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መዝገቡ ግን የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። የጎሣው ሰው ስሙን ማስመዝገብ ማለት ለግብር ሰብሳቢና ለምልመላ ሹም ራሱን አሳልፎ መስጠት መስሎ ታየው። ገንዘብም አልነበረውም። ሕጉ ደግሞ አንድ መንደር በሙሉ በጋራ ስም እንዲመዘገብ አይፈቅድም ነበር። ገበሬው ወደኋላ ሲል ሼሁ፣ የከተማው ነጋዴና ሹሙ ወደፊት መጡ። የሙንተፊቅ ጎሣዎች የበላይ የነበረው የሳዑዱን ቤተ ሰብ ሰፊ መሬት በስሙ አዛወረ፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ ናስር ፓሻ በመንግሥት ሹመት ተቀብሎ፣ በስሙ የምትጠራውን ናስሪያን ከተማ አቆመ። በዚህ ዓይነት የጎሣው አለቃ ባለርስት ሲሆን፣ አባቶቹ ባረሱት ማሳ ላይ የሚኖረው ሰው ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። መሬቱ በገመድም ሆነ በመሣሪያ ሳይለካ ወሰኑ በቦይና በጉብታ ስም ብቻ ስለተጻፈ፣ የአንዱ ሰነድ ከሌላው ጋር እየተደራረበ ለብዙ ዘመን የክርክር ምንጭ ሆኗል። ከሚድሃት በኋላ የመጡት መንግሥታት ይህን አሠራር ቢያግዱትም የተሰጠው ማስረጃ አልተሻረም፤ በኢራቅ የባለርስቶቹ ይዞታ በሕግ የተገደበው ከ1958ቱ አብዮት በኋላ ነው።

በ1871 ሚድሃት በኩዌይቱ ሼህ መርከቦች እየታገዘ ጦር ወደ አል ሐሳ አዘመተ። በዶሃም የጦር ሠፈር ተቋቁሞ እስከ 1915 ቆየ። በዚህ መካከል ከኢስታንቡል ጋር በባግዳድ ገቢ ጉዳይ ስላልተስማማ በ1872 ሥራውን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የዋና ከተማው ታሪክ ነው። በ1876 ሱልጣን አብዱልአዚዝን ካወረዱት አንዱ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የታወጀውን የመጀመሪያውን የኦቶማን ሕገ መንግሥትም በጠቅላይ ሚኒስትርነት አስፈጸመ። አዲሱ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ ለመንግሥት ያሰጋል የተባለን ሰው ከአገር የማባረር ሥልጣን ካልተሰጠኝ አልፈርምም ስላለ፣ ሚድሃት ሕጉ ከሚቀር ብሎ 113ኛውን አንቀጽ ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 1877፣ በዚያው አንቀጽ ተይዞ በመርከብ ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ።

በኋላ ምሕረት አግኝቶ ሶርያንና ኢዝሚርን ገዛ። በ1881 ግን አብዱልአዚዝን አስገድሏል በሚል ክስ ተይዞ፣ በሱልጣኑ ግቢ በተሰየመ ችሎት ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለውጦ ወደ ጣኢፍ ተላከ፤ የዳኑብና የባግዳድ ገዥ የነበረው ሰው በዐረብ በረሃ ዳር፣ በጠባብ ክፍል፣ ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ እየጻፈ ተቀመጠ። በግንቦት ወር 1884 ሌሊት ወታደሮች ገብተው አንቀው ገደሉት። ዐፅሙ ወደ ኢስታንቡል የተመለሰው በ1951 ነው።