ቫልተር ካደን፡ በፒስተን ላይ በከፈተው መስኮት የሞተር ብስክሌትን ታሪክ የቀየረው መሐንዲስ

እአአ መስከረም 1961 ስዊድን፣ ክርስቲያንስታድ ውስጥ በተካሄደ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር የምሥራቅ ጀርመኑ ኤምዜድ ፋብሪካ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር ሞተሩ ተበላሸበት። ከውድድሩ በኋላም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ቤተሰቡ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቆ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገረ። ዴግነር ይዞት የኮበለለው ምስጢር ግን የአለቃው የቫልተር ካደን የዓመታት ድካም ነበር።

ካደን እአአ በ1919 በሳክሰኒ ግዛት፣ ፖበርስሃው በተባለች መንደር ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለናዚ ጀርመን በሬዲዮ የሚመሩ የጦር መሣሪያዎች በሚሠሩበት ተቋም አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ የጣውላ ሥራ ጀመረ፤ በትርፍ ጊዜውም የውድድር ሞተር ብስክሌት ይሠራ ነበር። እአአ በ1953 የቾፓው ከተማ ፋብሪካ የውድድር ክፍሉን እንዲመራ ቀጠረው።

የተረከበው ብዙዎች የናቁትን ባለሁለት ምት ሞተር ነበር። ይህ ሞተር እንደ ባለአራት ምቱ ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ ይዘጋል። በእያንዳንዱ ዙር እሳት ስለሚነድበትም ፒስተኑ በቀላሉ ይግላል፤ ሲብስም ይቀልጣል።

የካደን መፍትሔ ቀላል ይመስላል። በፒስተኑ ጎን መስኮት ከፈተ፤ በሲሊንደሩ ላይም ሦስተኛ ማስተላለፊያ ጨመረ። ቀዝቃዛው የነዳጅ፣ የዘይትና የአየር ድብልቅ በፒስተኑ ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ሲሄድ የፒስተኑን አናት ያበርዳል፤ ቢየላው ከፒስተኑ ጋር የሚገናኝበትን ኩሽኔታም ያለሰልሳል። ማርሚታውንም የድምፅ ሞገድ ሊያመልጥ ያለውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልስ አድርጎ ቀረጸው። ድብልቁ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ሰዓት ደግሞ በሚሽከረከር ስስ ዲስክ ተቆጣጠረ።

ውጤቱ እአአ በ1961 ታየ። 125 ሲሲ ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ያህል አመነጨ፤ በሊትር ሲሰላ 200 ነው። አየር በግፊት ሳይሞላለት እዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም። ይህ ሁሉ የተሠራው የገንዘብም የጥሩ ብረትም እጥረት በነበረበት ፋብሪካ ነው።

ዴግነር ግን ዕውቀቱን ለጃፓኑ ሱዙኪ አስረከበ። በማግስቱ ዓመት፣ እአአ በ1962፣ በሱዙኪ 50 ሲሲ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለኩባንያውም የመጀመሪያው የዓለም ክብር ነበር። በአንጻሩ ኤምዜድ የዓለም ሻምፒዮናውን አንድም ጊዜ ሳያነሳ ቀረ።

ካደን አገሩን አልለቀቀም። የኤምዜድ ብስክሌቶች ጭቃና ድንጋይ በሚፈትነው ዓለም አቀፍ የስድስት ቀን ውድድር ከ1963 እስከ 1967 ለተከታታይ አምስት ዓመታት ምሥራቅ ጀርመንን ለድል አበቁ።

እአአ መጋቢት 1996 በ76 ዓመቱ አረፈ። የሻምፒዮንነት ዋንጫ በስሙ አልተመዘገበም። ከእሱ በኋላ ዋንጫ ያነሱት ባለሁለት ምት ሞተሮች ግን የእሱን መንገድ የተከተሉ ነበሩ።