ጠያቂው ሕፃን፦ የቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሕይወት

ሕፃን ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ መጠየቅ ይወዳል። ፀሐይ ሲመሽ ወዴት እንደምትገባ፣ የሞቱት አያቱ አሁን የት እንዳሉ፣ ሁሉን የፈጠረውን አምላክ ደግሞ ማን እንደ ፈጠረው ይጠይቃል። እኛ ታላላቆች ግን ሥራ ሲበዛብን ወይም መልሱ ሲጠፋን ልጁን ዝም ማሰኘት ይቀለናል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ብሂላችንም የልጅን ነገር ከቁም ነገር እንዳንቆጥር ሲያደርገን ኖሯል። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን ያቦካው ሊጥ ቤተ ክርስቲያንን ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ሲመግብ ኖሯል። እርሱም በየዓመቱ ጃንዋሪ 28 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነው።

ቶማስ በ1225 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሮማና በናፖሊ መካከል በሚገኘው በሮካሴካ ግንብ ውስጥ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አባቱ ላንዶልፎ፣ እናቱም ቴዎዶራ ይባሉ ነበር። ዕድሜው አምስት ዓመት ያህል ሲሆን ወላጆቹ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ወደ መሠረተው ወደ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም ወስደው ለመነኮሳቱ ሰጡት። ልጅን በዚህ ዓይነት ለገዳም መስጠት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። ቤተሰቦቹም ቶማስ አድጎ የዚያ ታላቅ ገዳም አበምኔት ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ አበው እንደሚተርኩት፣ ይህ ዝምተኛ ሕፃን መምህሩን ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም እግዚአብሔር ምን እንደ ሆነ ነው። እግዚአብሔር መኖሩን አልተጠራጠረም፤ ቀንና ሌሊት ሲመሰገን ይሰማ ነበርና። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚቀርብለት እርሱ ምን እንደ ሆነ ግን ማወቅ ፈለገ። ጥያቄው የሕፃን ነው፤ ሆኖም ከሊቃውንት መካከል እስከ መጨረሻው የመለሰው የለም።

በ1239 በንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ 2ኛና በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ መካከል በተነሣው ጠብ ምክንያት ገዳሙ ሰላም ስላጣ፣ ቶማስ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ናፖሊ ሄደ። በዚያም የግሪካዊውን ፈላስፋ የአርስቶትልን መጻሕፍት አገኘ፤ በልመና እየኖሩ ወንጌልን ከሚሰብኩት ከዶሚኒካውያን ጋርም ተዋወቀ። በ1244 ወደ ማኅበራቸው በገባ ጊዜ ቤተሰቡ ተቆጣ። አበምኔት ይሆናል የተባለው ልጅ ለማኝ መነኩሴ መሆኑን እንደ ውርደት ቆጥረውት ነበርና፣ ወንድሞቹ ከመንገድ ላይ ይዘው ወደ ቤት መለሱት፤ አንድ ዓመት ያህልም በግዞት አቆዩት። እርሱ ግን በሐሳቡ ስለ ጸና በመጨረሻ ለቀቁት።

ከዚያም በፓሪስና በኮሎኝ ከታላቁ መምህር ከቅዱስ አልቤርቶስ እግር ሥር ተማረ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ንግግሩም ጥቂት ስለ ነበረ ባልንጀሮቹ ዱዳው በሬ እያሉ ያፌዙበት ነበር። መምህሩ ግን የዚህ በሬ ድምፅ አንድ ቀን በዓለም ሁሉ እንደሚሰማ አስቀድሞ ተናገረ። በትምህርት ክፍል ዝም የሚል ልጅ ሁሉ ያልገባው አይደለም።

ቶማስ በ1256 በፓሪስ የነገረ መለኮት መምህር ሆነ። ከሁሉ የሚልቀውን ሥራውን፣ ሱማ ቴዎሎጂኬ የተባለውን የነገረ መለኮት ማጠቃለያ፣ በ1265 ገደማ በሮማ ጀመረ። የሚያስደንቀው መጽሐፉን ለጀማሪዎች ብሎ መጻፉ ነው። በመግቢያው ላይ ተማሪዎች በማይጠቅሙ ጥያቄዎች ብዛት እንደሚሰናከሉ ጠቅሶ፣ ትምህርቱን በአጭርና በግልጽ ለማቅረብ እንዳሰበ ያስረዳል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በጥያቄ የተሠራ ነው፤ እርሱ የጻፈው ክፍል 512 ጥያቄዎችን ይዟል። በእያንዳንዱም ጥያቄ ሥር በመጀመሪያ የተቃዋሚውን ሐሳብ ሳያዳክም ያቀርባል፤ ከዚያም የራሱን መልስ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ለየብቻው መልስ ይሰጣል። የሚጠይቀውን ሰው እንደ ጠላት አላየውም።

በሕፃንነቱ የጠየቀውንስ መለሰውን? በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ እግዚአብሔር መኖሩን ካስረዳ በኋላ፣ እርሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ እንደማንችል፣ ይልቁንም ምን እንዳልሆነ ማወቅ እንደምንችል ይናገራል። እግዚአብሔር ሥጋዊ አካል የለውም፤ ከክፍሎች አልተገጣጠመም፤ አይለወጥም፤ ቦታና ጊዜም አይወስኑትም። ይህ ማለት ስለ እርሱ አንዳች አናውቅም ማለት አይደለም። ከፍጥረቱ ፈጣሪነቱን እንረዳለን፤ ራሱን ስለ ገለጠልንም አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ መሆኑን እናምናለን። እርሱን እንዳለ ማየት ግን በሰማይ ለሚጠብቀን ሕይወት የተጠበቀ ነው።

ይህ ሊቅ ለተራው ምእመንም ጊዜ ነበረው። በ1273 ዐቢይ ጾም በናፖሊ ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋቸው ስለ ጸሎተ ሃይማኖትና ስለ አባታችን ሆይ ሰብኳል። በስብከቱም የአንዲትን ዝንብ ባሕርይ እንኳ መርምሮ የጨረሰ ፈላስፋ እንደሌለ አስተምሯል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን ቅዳሴ ከቀደሰ በኋላ መጻፉን ፈጽሞ አቆመ። ጓደኛው አባ ሬጂናልዶ ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ ከተገለጠለት ነገር ጋር ሲነጻጸር እስከዚያ ድረስ የጻፈው ሁሉ ገለባ መስሎ እንደታየው ነገረው። ሱማው ስለ ምሥጢረ ንስሐ በሚናገረው ክፍል ላይ ሳይፈጸም ቀረ። ወደ ሊዮን ጉባኤ ሲጓዝ በመንገድ ታምሞ፣ ማርች 7 ቀን 1274 በፎሳኖቫ ገዳም ዐረፈ። ትምህርቱን በገዳም እንደ ጀመረ ሕይወቱንም በገዳም ፈጸመ። በ1323 ቅድስናው ታወጀ፤ በ1567 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተባለ፤ በ1880 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጠባቂ አድርገው ሰየሙት።

ወላጆችና ካቴኪስቶች ሆይ፣ ከዚህ ሕይወት ለቤታችንና ለቁምስናችን የሚሆን ትምህርት አለ። በጥያቄው የተገሠጸ ልጅ ጥያቄውን አይተውም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዞት ይሄዳል። ለማስታገሻ ያህል ሐሰት የተነገረው ልጅም አድጎ ሐሰቱን ባወቀ ቀን፣ እውነት ብለን ያስተማርነውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። የምናውቀውን በቀላል ቃል እንንገረው፤ የማናውቀውን አናውቅም እንበለው፤ ከእርሱም ጋር ወደሚያውቁት ሄደን እንጠይቅ። ታላቁ ሊቅ ስለ እግዚአብሔር ያለውን የእውቀት ወሰን ለመናገር ካላፈረ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም። ዛሬ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን የሚያነሣው ሕፃን ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የቅዱስ ቶማስ አማላጅነት ከልጆቻችንና ከመምህሮቻቸው ጋር ይሁን። አሜን።