ሁሉም ሲያጨበጭብ ያላጨበጨበው ሰው፦ ኤድመንድ በርክ

በዓለም ዜና ላይ «ወግ አጥባቂ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማለን። ብዙዎቻችን ለውጥ የሚባል ነገር የማይፈልግ፣ ድሮ ላይ የቀረ ሰው ማለት ይመስለናል። የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ሰው ሕይወት ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግረን። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርክ በ1729 አየርላንድ፣ ደብሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ፕሮቴስታንት ጠበቃ፣ እናቱ ደግሞ ካቶሊክ ነበረች። በዚያ ዘመን አየርላንድ ውስጥ ካቶሊክ ሰው መምረጥም መመረጥም አይችልም። በርክ ሕግ ሰውን እንዴት እንደሚበድል የተማረው በእናቱ ዘመዶች ላይ አይቶ ነው።

በ1750 ሕግ ሊማር ለንደን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሕጉን ትቶ መጻፍ ጀመረ። ከ1758 አንስቶ በዓመት 100 ፓውንድ እየተከፈለው የዓመቱን ጦርነትና ፖለቲካ የሚዘግብ «አንዋል ሬጂስተር» የተባለ ህትመት ያዘጋጅ ነበር። በዛሬ ቋንቋ የዓለም ዜና ተንታኝ ነበር ማለት ነው።

በ1765 መጨረሻ ለፓርላማ ተመረጠ። ያኔ ትልቁ ዜና አሜሪካ ነበረች። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ላይ ግብር ስትጥል በርክ ተቃወመ። በ1775 ጦርነቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ተነስቶ በኃይል ሳይሆን በእርቅ ያዟቸው ብሎ ለመነ። ማንም አልሰማውም። እንግሊዝም አሜሪካን አጣች።

የብሪስቶል ከተማ ተመራጭ ሆኖ ደግሞ ከመራጮቹ ጋር ተጋጨ። የአየርላንድ ንግድ ነጻ እንዲሆን፣ በካቶሊኮች ላይ ያለው ጫናም እንዲቀል ደገፈ። የብሪስቶል ነጋዴዎች ይሄን አልወደዱለትም። እሱ ግን የሕዝብ ተወካይ የሕሊናውንም ፍርድ ለሕዝቡ መስጠት አለበት ብሎ ያምን ነበርና አልተመለሰም። በ1780 የብሪስቶል ወንበሩን አጣ።

ቀጥሎ ሕንድ መጣች። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በሕንድ ሕዝብ ላይ ግፍ ይፈጽማል ብሎ የቤንጋሉን ገዥ ዋረን ሄስቲንግስን ከሰሰ። ችሎቱ በ1788 ተጀምሮ 7 ዓመት ፈጀ። በ1795 ተከሳሹ ነጻ ተባለ። በርክ ተሸነፈ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለነጻነት የቆመ ሰው በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ምን አደረገ? ተቃወመ! ወዳጆቹ ደነገጡ። ለእሱ ግን ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ። አሜሪካኖቹ የነበራቸውን መብት ነው ያስከበሩት፤ ፈረንሳዮቹ ግን የነበረውን ሁሉ አፍርሰው በወረቀት ላይ ባለ ሐሳብ አገር ሊሠሩ ነው ብሎ አሰበ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ መንገድ ወደ ደም እንደሚወስድ፣ መጨረሻውም አንድ የጦር አዛዥ አገሩን መጠቅለል እንደሆነ አስጠነቀቀ።

ዋጋውንም ከፈለ። በ1791 ከረጅም ዘመን ጓደኛው ከቻርልስ ፎክስ ጋር ፓርላማ ውስጥ ተለያዩ። ፎክስ በሰው ፊት አለቀሰ።

ከዚያስ? በ1793 የፈረንሳይ ንጉሥ አንገቱ ተቆረጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተከተሉት። በ1799 ጄኔራሉ ናፖሊዮን ሥልጣኑን ያዘ። በርክ ይህን አላየም። በ1794 ልጁን ቀብሮ፣ እሱም ሐምሌ 9 ቀን 1797 አርፏል።

በርክ በሁሉም ነገር ልክ ነበር ማለት አይደለም። ቶማስ ፔይን በ1791 በጻፈው መልስ ለንግሥቲቱ አዝኖ በእውነት የሚሰቃዩትን ሰዎች ረሳ ብሎ ወቅሶታል። ወቀሳው እውነት አለው። ንጉሣዊው ሥርዓት ያደረሰውን በደል በርክ አቅልሎ ነው ያየው።

ግን ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። አንድ ሥርዓት ሲፈርስ እናጨበጭባለን፤ በማግስቱ ማን፣ በምን ሕግ እንደሚተካው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወግ አጥባቂነት በበርክ ሕይወት ውስጥ ይሄ ነው፦ የተበላሸውን ጠግን፣ ቤቱን ግን አታቃጥል።

እናንተስ? መጠገን የማይቻል፣ መፍረስ ብቻ ያለበት ሥርዓት አለ ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።